ወንዝ የተሸከመው ደን

ልጆች ሆነን ክረምት ላይ የምንጫወተው አንድ ጨዋታ ነበር። ዶፉ እንዳባራ የመንገዱ ዳር ቦይ በጎርፍ ይሞላል። እያንዳንዳችን አንድ ስንጥር እንጨት እንለቅና ከጎኑ እንሮጣለን። የማን ቀድሞ ድልድዩ ጋ ይደርሳል ነው ነገሩ። ታዲያ ሁልጊዜ የሚያጋጥመን ያው ነው። ወይ ጎርፉ ይጎድልና ስንጥሩ ጭቃ ላይ ይቀራል። ወይ አንዱ ድንጋይ ጋ ይጋደምና ከኋላው የመጣውን ሁሉ ያግዳል። ወይ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሁሉም ስንጥር አንድ ይመስልና «የኔ ነው»፣ «የለም፣ የኔ ነው» እየተባባልን እንጣላለን።

ፓሪስና ቪየና ለብዙ ዘመን የብርድ ወራታቸውን ያለፉት እነዚህኑ ችግሮች በትልቁ የፈቱ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በስንጥር ፋንታ ግንድ፣ በመንገድ ዳር ቦይ ፋንታ ወንዝ። ላይ ላዩን ሲታይ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ዛፉን ቁረጥ፣ ወንዝ ውስጥ ጣል፣ ታች ሆነህ ተቀበል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ስለ ጉዳዩ እያነበብኩ ስሄድ ግን የገባኝ ሌላ ነው። ወንዝ እንዲሁ አይሸከምም። እንዲሸከም መገደብ፣ መጠረግ፣ መቃናት፣ አንዳንዴም ከባዶ መቆፈር ነበረበት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን በውሃ?

ከክብደቱ እንጀምር። አንድ ሜትር ኩብ አዲስ የተቆረጠ ግንድ፣ እንደ ዛፉ ዓይነት፣ ከ8 እስከ 10 ኩንታል ይመዝናል። ከእንጦጦ ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያየ ሰው፣ እንጨት በየብስ ማጓጓዝ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በሬና ጋሪ ቢኖርም ችግሩ ብዙ አይቀልም። ማገዶ ይከብዳል፣ ቦታ ይይዛል፣ ዋጋው ግን ትንሽ ነው። ጋሪው ጥቂት ቀን ከተጓዘ የበሬው ድርቆሽና የነጂው ቀለብ የእንጨቱን ዋጋ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ባቡር ከመምጣቱ በፊት፣ ወንዝ የማይደርስበት ደን ለሩቅ ከተማ እንደሌለ ነበር የሚቆጠረው።

እንጨት ለምን እንደሚንሳፈፍ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። እንጨት የተሠራበት ነገር ራሱ ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል። የሚያንሳፍፈው በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የያዙት አየር ነው። ዛፉ አዲስ ሲቆረጥ ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ውሃ የሞላባቸው ናቸው። ሲደርቅ ውሃው ይወጣል፣ አየር ይተካል፣ እንጨቱ ይቀላል። ወንዝ ውስጥ ብዙ ከቆየ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው ተመልሶ ይገባል፣ ግንዱ ቀስ በቀስ ይጠልቃል፣ በመጨረሻም ይሰጥማል።

የጠቅላላው ሥራ ሥርዓት ከዚህ የመጣ ነው። ዛፉ በብርዱ ወቅት ይቆረጣል። ቅርፊቱ ይላጣል ወይም እንጨቱ ተከምሮ እንዲደርቅ ይተዋል። በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ይለቀቃል። እንደ ጥድ ያሉ ቀላል እንጨቶች በደንብ ይንሳፈፋሉ። እንደ ኦክ ያለው ከባድ እንጨት ግን አዲስ እንደተቆረጠ ከውሃ ጋር እኩል ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ከቀላሎቹ ጋር ታስሮ ነው የሚሄደው፤ ቀላሉ ከባዱን ይደግፈዋል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ያውቀዋል። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሊሠራ ሲነሳ የጢሮስ ንጉሥ ኪራም የሊባኖስ ዝግባ ላከለት። እንጨቱ ከተራራው ወደ ባሕር ወረደ፣ በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ኢዮጴ መጣ፣ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። ልብ በሉ፤ ከኢዮጴ እስከ ኢየሩሳሌም ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ግን ዳገት ነው፣ በየብስም ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጉልበት የጨረሰው ክፍል እሱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ፓሪስን ያሞቀ ወንዝ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ አደገች፣ በዙሪያዋ ያለው ደን ደግሞ አለቀ። ዳቦ የሚጋገረው በማገዶ ነው። ቤት የሚሞቀው በማገዶ ነው። ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ሞርቫን የሚባል ደን የሸፈነው ተራራማ አገር አለ። ከዚያ የሚነሱ ትንንሽ ጅረቶች ወደ ዮን ወንዝ ይገባሉ። ዮን ወደ ሴን ይገባል። ሴን ደግሞ በፓሪስ መሃል ያልፋል። መንገዱ ተዘርግቷል ማለት ነው። ችግሩ፣ ላይኛዎቹ ጅረቶች እንኳን ጀልባ ሊሸከሙ፣ በበጋ እግር የማያርሱ ናቸው።

መፍትሔው በ1540ዎቹ መጣ። የፓሪሱ ነጋዴ ዣን ሩቬ ስሙ በዚህ ይነሳል፤ በ1828 ክላምሲ በምትባለው ከተማ ድልድይ ላይ ሐውልት አቁመውለታል። እርግጥ ነው፣ ሐሳቡ የእሱ ብቻ አልነበረም። ከእሱ ጎን ሌሎች ነጋዴዎችም ነበሩ። እንጨቱን በእጃቸው የሠሩት ገበሬዎች ደግሞ ስማቸው አልተጻፈም።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። በየጅረቱ አናት ላይ ኩሬ ይገደባል። ደኑ ውስጥ ማገዶው እየተቆረጠ፣ እያንዳንዱ ፍልጥ 1 ሜትር ከ14 ሳንቲም እንዲሆን ይደረጋል። ሁሉም አንድ ልክ። ከዚያ ነጋዴው የራሱን ምልክት በመዶሻ በፍልጡ ጫፍ ላይ ይመታል። እኛ አገር ከብት ላይ በጋለ ብረት ምልክት እንደሚተኮሰው ማለት ነው። እንጨቱ ጅረቱ ዳር ተከምሮ ይጠብቃል።

ቀኑ ሲደርስ የኩሬው በር ይከፈታል። ውሃው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ዳር የቆሙት ሰዎች ክምሩን ወደ ጅረቱ ይገፉታል። ትናንት እግር የማያርሰው ጅረት ዛሬ ሺህ ፍልጥ ተሸክሞ ይወርዳል። ወንዶች፣ ሴቶች፣ ልጆች ጫፉ ሜንጦ የሆነ ረጅም ዘንግ ይዘው ከዳር ዳር ይከተላሉ። የተጋደመውን ያቃናሉ፣ ዳር የቀረውን ይመልሳሉ። አሁን እንግዲህ የልጅነቱን ጨዋታ አስቡት። ውሃ አነሰ? ኩሬ ገደቡ። ተጋደመ? ሜንጦ ያዙ። የማን ነው? ምልክት መቱ።

ክላምሲ ላይ ወንዙ በአጥር ይዘጋል። ፍልጡ ሁሉ እዚያ ይቆማል። የከተማዋ ሰው በሙሉ ማለት ይቻላል ይወጣና ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ እየገባ ያወጣል። ከዚያ ምልክቱን እያዩ መለየት ይመጣል። ይህ የእገሌ፣ ያ የእገሊት፤ እያንዳንዱ በየክምሩ። ለሳምንታት እንዲደርቅ ይተዋል፤ ያው መጀመሪያ ያልነው የአየርና የውሃ ጉዳይ ነው።

ከክላምሲ በታች ወንዙ ሰፊ ነው። ከዚህ በኋላ ፍልጡ ብቻውን አይሄድም፣ ይታሰራል። ርዝመቱ 75 ሜትር ያህል የሚደርስ ረጅም የእንጨት ርብራብ ይሠራል። ፈረንሳዮቹ ይህን «ባቡር» በሚለው ቃል ነበር የሚጠሩት፤ ያውም የብረቱ ባቡር ከመፈልሰፉ በፊት። ማሰሪያው ገመድ ሳይሆን የተጠማዘዘ ለምለም ቅርንጫፍ ነው። ይህን ሁሉ እንጨት የሚነዳው አንድ ሰውና አንድ ልጅ ነው። ሰውየው ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ እያቀና በየድልድዩ ቀዳዳ ያሾልከዋል። ማታ ዳር አስጠግቶ ያድራል። ፓሪስ ሲደርስ ርብራቡ ይፈታል፣ እንጨቱ ይሸጣል። ሰውየው ደግሞ በእግሩ ወደ አገሩ ይመለሳል። አራት ቀን ገደማ ይሄዳል፤ ከዚያ ቀጣዩን ይነዳል።

እነዚህ ሰዎች ድሆች ነበሩ፣ ግን አብረው የሚሠሩ፣ የሚተዋወቁ፣ ዜና ከፓሪስ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። በታኅሣሥ 1851 ሉዊ ናፖሊዮን መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግ ክላምሲ ካመፁት ከተሞች አንዷ ሆነች። አመፁ ተመታ። ብዙዎች ወደ አልጄሪያና ደቡብ አሜሪካ ወዳለችው የግዞት ቦታ ወደ ካየን ተጋዙ። ስለ ማገዶ ስናወራ ይህንንም መርሳት የለብንም።

በ1850ዎቹ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ትልቅ ግድብ ሞርቫን ውስጥ ተሠራ። የሴቶን ሐይቅ ይባላል። ዛሬ ሰው ለመዝናናት ይሄድበታል፣ ጀልባ ይቀዘፍበታል። ሐይቁ የተፈጠረው ግን ለፓሪስ ምድጃ ነበር።

ራይን ላይ የሚጓዝ መንደር

ማገዶ አንድ ነገር ነው። የመርከብና የሕንፃ እንጨት ሌላ ነው። ለመርከብ ምሰሶ 30 ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ግንድ ያስፈልጋል። እሱን ቆራርጠህ አትለቀውም፣ ሙሉውን ታስረዋለህ።

በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኔዘርላንድ መርከብ ትሠራ ነበር፣ የራሷ በቂ ደን ግን አልነበራትም። ምድሩም ረግረግ ስለሆነ ሕንፃ የሚቆመው መሬት ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ነው። አምስተርዳም ውስጥ በ1655 የተመረቀው የከተማ አዳራሽ፣ ዛሬ ቤተ መንግሥት የሆነው፣ በ13,659 የእንጨት ምሰሶ ላይ ነው የቆመው። እንጨቱ ለአገሪቱ ከኖርዌይ በመርከብ፣ ከጀርመን ደግሞ በራይን ወንዝ ይመጣ ነበር።

የጀርመኑ ጥቁር ደን የሚባለው ተራራማ አካባቢ ለዚህ ዋና ምንጭ ሆነ። እዚያ ሰዎች ያወጡት አንድ ብልሃት በጣም ይማርከኛል። ግንዶቹን ለማሰር ገመድ ውድ ነው፣ ውሃም ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ቀጫጭን ለጋ ዛፎችን ቆርጠው፣ ለዚሁ በተሠራ ምድጃ ውስጥ ያሞቋቸዋል። እንጨቱ ትኩስና እርጥብ እንዳለ ወፍራሙን ጫፍ ያስሩና በሌላኛው በኩል እንደ ጨርቅ ይጠመዝዙታል። ሲጠመዘዝ ጭረቱ ይላላና እንደ ጠፍር ይሆናል። እንጨት በእንጨት ታስሮ ይሄዳል ማለት ነው።

ከየጅረቱ የወረዱት ትንንሽ ርብራቦች ራይን ላይ ይገጣጠማሉ። ግዙፎቹ ከ300 ሜትር በላይ ይረዝሙ ነበር። ሦስት የኳስ ሜዳ ርዝመት ያህል ማለት ነው። በላዩ ላይ እስከ 500 የሚደርሱ ሠራተኞች ይሳፈራሉ። የእንጨት ጎጆዎች፣ ወጥ ቤት፣ የከብት በረት ሳይቀር አለው። በሬዎቹ በሕይወት ይጫኑና መንገድ ላይ እየታረዱ ይበላሉ። ከፊትና ከኋላ ረጃጅም መቅዘፊያዎች ተደርድረዋል። አንዱን ብዙ ሰው ሆኖ ነው የሚገፋው። ሞተር የለም፣ ፍሬን የለም። ወንዙ ሲታጠፍ ርብራቡም አብሮ እንዲታጠፍ ሁሉም እኩል መግፋት አለበት። መዳረሻው የኔዘርላንዷ ዶርድሬኽት ናት። እዚያ መንደሩ ሁሉ ይፈታና እንደ ሸቀጥ ይሸጣል። ጎጆዎቹም ጭምር።

ጥቁር ደንም ይህን ሁሉ አልቻለም። ተራራው እየተራቆተ ሄደ። ጀርመኖች ስለ ደን አያያዝ ቀድመው መጨነቅ የጀመሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው የእንጨት ረሃብ ነው። ሳክሶኒ ውስጥ የፍራይበርግ ማዕድን ኃላፊ የነበረው ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ በ1713 ባወጣው ጽሑፍ፣ ደን በሚተካበት መጠን ብቻ ይቆረጥ አለ። ዛሬ በየስብሰባው የምንሰማው «ዘላቂነት» የሚለው ሐሳብ በጀርመንኛ ከዚያ ጽሑፍ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ሰውየው የሚያሳስበው ለማዕድን ጉድጓዶቹና ለማቅለጫው እንጨት ማለቁ ነበር።

ውሃ ተራራ የተሻገረበት ቦይ

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ወንዙ በሚፈስበት አቅጣጫ የሄዱ ናቸው። ወንዙ ወደማትፈልግበት የሚፈስ ከሆነስ?

የቪየና ችግር ይህ ነበር። ዛሬ በቼክ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ድንበር ላይ ያለው የቦሂሚያ ደን ጥቅጥቅ ያለ፣ ያልተነካ ነበር። ማገዶ የራባት ቪየና ደግሞ በዳንዩብ ዳር ናት። ግን የደኑ ጅረቶች ወደ ዳንዩብ አይፈሱም። ወደ ሰሜን፣ ወደ ቭልታቫ፣ ከዚያ ወደ ኤልበ ሄደው ሰሜን ባሕር ይገባሉ። መሃል ላይ ውሃውን የሚለይ ሸንተረር ተጋድሟል። ከዚህ ወገን የወረደ ጠብታ ወደ ሰሜን ባሕር፣ ከዚያ ወገን የወረደ ወደ ጥቁር ባሕር።

ዮሴፍ ሮዘናወር የሚባል፣ ለሽቫርትሰንበርግ መሳፍንት የሚሠራ የደን ባለሙያ፣ ከ1770ዎቹ ጀምሮ አንድ ሐሳብ ይዞ ይዞር ነበር። ቦዩን ተራራው አናት ላይ ሳይሆን ወገቡ ላይ እንቆፍር አለ። ተዳፋቱን ተከትሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ እየወረደ፣ ሸንተረሩ ዝቅ ባለበት ቦታ ይሻገር። በመንገዱ ያሉትን ጅረቶች ሁሉ እያቋረጠ ውሃቸውን ይውሰድ። ቁልቁለቱ ከበዛ እንጨቱ ይከመራል፣ ካነሰ ይቆማል። ስለዚህ ልኬቱ እጅግ የጠራ መሆን ነበረበት። ሰውየው ይህን የለካው ሳተላይት በሌለበት፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ በእግሩ እየዞረ ነው። ለዓመታት ሰሚ አላገኘም። ግንባታው የተጀመረው በ1789 ነው።

በ1793 ዋናው ክፍል አለቀ። ስፋቱ ከላይ 4 ሜትር አይሞላም፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ያህል ነው። ትንሽ ናት። ግን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች፣ ዳርና ዳሯ በድንጋይ ተገንብቷል፣ በደርዘን የሚቆጠር የውሃ በርና ድልድይ አላት። በ1820ዎቹ ስትራዘም አንድ ተራራ መንገድ ዘጋ። እሱንም በሱ፤ 400 ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ አወጡ። ውሃና ማገዶ በጨለማ አልፈው በሌላ በኩል ይወጣሉ።

በየጸደዩ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቦዩ ዳር ይሰለፉ ነበር። ሥራቸው ማየትና መግፋት ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ፍልጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ይሄዳል። አንዱ ከተጋደመ ከኋላ ያለው ይከመራል፣ ውሃው ዳሩን ጥሶ ይፈሳል። ሸንተረሩን ከተሻገረ በኋላ ቁልቁል ወደ ሙል ወንዝ፣ ከዚያ ወደ ዳንዩብ። ዳንዩብ ዳር ከውሃ ይወጣና በመርከብ ተጭኖ ቪየና ይገባል። ይህ እስከ 1916 ድረስ ቀጠለ። ቦዩ ዛሬም አለ። በተጠገነው ክፍል ላይ በበጋ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለጎብኚ ያሳያሉ። በወንዝ ግንድ ታሪክ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ካነሳሁ ይህን ሰው ነው የማነሳው።

ከአትላንቲክ ማዶ

ሰሜን አሜሪካ ላይ ሁሉም ነገር ይተልቃል። በ1806 ፊሊሞን ራይት የሚባል ሰው ከኦታዋ ወንዝ የመጀመሪያውን የግንድ ርብራብ ወደ ኩቤክ ነዳ። ሁለት ወር ገደማ ፈጀበት። ብዙም ሳይቆይ ናፖሊዮን የባልቲክን ንግድ በእንግሊዝ ላይ ሲዘጋ የካናዳ ጥድ ድንገት ውድ ሆነ። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ምሰሶ ከዚያ መምጣት ጀመረ። ኦታዋ ላይ ትልቅ ፏፏቴ አለ። ግንድ ከዚያ ሲወድቅ ይሰባበራል። በ1829 ከጎኑ በእንጨት የተሠራ ተንሸራታች ቦይ ሠሩ፤ ርብራቡ በክፍል በክፍል ተፈትቶ በዚያ ይንሸራተትና ከታች መልሶ ይገጠማል። የካናዳ የ1974 ባለ አንድ ዶላር ኖት ጀርባውን ብታዩት፣ ከፓርላማው ሕንፃ ፊት ወንዙ ላይ የተንሳፈፈው ግንድ ነው።

አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንሲልቫኒያ፣ ዊልያምስፖርት ላይ ሰስኩዌሃና ወንዝን የሚያጥር 11 ኪሎ ሜትር የሚሆን ተንሳፋፊ አጥር ተዘረጋ። ግንዱ እዚያ ተይዞ በምልክቱ ይለያል። የተመዘገበው የምልክት ዓይነት ከአንድ ሺህ በላይ ነበር። ሌባም አልጠፋም፤ ምልክቱ ያለበትን ጫፍ በመጋዝ ቆርጦ በምትኩ የራሱን ይመታል። በ1889 ጎርፍ መጣና አጥሩን በጠሰው። የዓመት ሥራ ወደ ባሕር ሄደ።

ከሁሉ የሚከፋው መጋደም ነው። አንድ ግንድ ድንጋይ ላይ ይሰካል፣ ሺዎች ከኋላው ይቆለላሉ፣ ወንዙ ይታገዳል። አንድ ሰው ክምሩ ላይ ወጥቶ ያችን ቁልፍ የሆነች ግንድ ፈልጎ መፍታት አለበት። ከተፈታች ክምሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናዳል። ሰውየው ያኔ መሮጥ አለበት፣ በሚንከባለል እርጥብ ግንድ ላይ። ጫማቸው ሥሩ ሚስማር የተመታበት ነበር። በ1850ዎቹ መጨረሻ ሜይን ግዛት ውስጥ ጆሴፍ ፒቪ የሚባል አንጥረኛ፣ የሚታጠፍ ሜንጦና ሹል ጫፍ ያለው ዘንግ ሠራላቸው። ይህ መሣሪያ የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። ሁሉንም ግን አላተረፈም። የሞቱት ብዙ ጊዜ እዚያው ወንዙ ዳር ነበር የሚቀበሩት። ቤተሰቦቻቸው መቃብሩን እንኳን አላዩትም።

እኛ ጋ ለምን አልሆነም?

አንባቢ ይህን መጠየቁ አይቀርም። መልሱ መልክዓ ምድሩ ነው። የኛ ወንዞች ከደጋው በገደል ነው የሚወርዱት። ዓባይ ከጢስ ዓባይ በታች የሚገባበትን ሸለቆ አስቡት፤ እዚያ የተለቀቀ ግንድ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው፣ የሚሄደውም ከተማችን ወዳለበት አይደለም። ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ ጠጠር ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ እንደ ፓሪስ እንጨት ስትራብ የተገኘው መፍትሔ ሌላ ሆነ። እንጦጦ ተራቁቶ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ደኑ ወደ ከተማዋ ሊመጣ ካልቻለ እዚሁ ይተከል ተባለ። ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ በፍጥነት አደገ፤ ስሙም «ባሕር ዛፍ» ሆኖ ቀረ። እንጨት በውሃ ላይ ሲሄድ ማየት የፈለገ ግን ጣና ይሂድ። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ሲጓዝ ኖሯል። ከአህጉራችን ደግሞ ጋቦን አለች። ኦኩሜ የሚባለው ቀላል እንጨት በኦጎዌ ወንዝ እየተንሳፈፈ ወደ ፖርት ዣንቲል ወደብ ይወርድ ነበር። ከባዶቹ ዛፎች ስለማይንሳፈፉ ነጋዴው የሚመርጠው ኦኩሜን ነበር።

ወንዙ የከፈለው

ባቡር፣ ከዚያም የጭነት መኪና ሲመጣ ነገሩ አበቃ። ሜይን ውስጥ ኬነቤክ ወንዝ ላይ የመጨረሻው ግንድ የወረደው በ1976 ነው። ስዊድን ውስጥ ክላር ወንዝ ላይ በ1991። በታኅሣሥ 2022 ዩኔስኮ የግንድ መንዳት ሙያን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው፤ ኦስትሪያ፣ ቼክ፣ ጀርመን፣ ላትቪያ፣ ፖላንድና ስፔን ናቸው በጋራ ያቀረቡት። የኛ ጥምቀት በ2019 የገባበት መዝገብ ነው። ደስ ይላል። ሙያው ሊከበር ይገባዋል።

ግን ወንዙንም ማየት ያስፈልጋል። ስዊድን ውስጥ ለግንድ መንጃ የተስተካከለው የወንዝ ርዝመት ከ30 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። መስተካከል ማለት ምን ማለት ነው? ግንድ የሚያጋድም ድንጋይ ሁሉ በድማሚት ይፈነዳል ወይም ወደ ዳር ይጎተታል። የጎን ቅርንጫፎቹ ይዘጋሉ። ጠማማው ይቃናል። ወንዝ እንደ አስፋልት ቦይ ይሆናል። ዓሣ ግን የሚኖረው በእነዚያ ድንጋዮች ጥላ ሥር ነው። ሳልመንና ትራውት እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ላይ ነው። ውሃው ሲፈጥን ጠጠሩ ታጥቦ ይሄዳል። ከግንዱ የሚረግፈው ቅርፊት ደግሞ ወለሉ ላይ ይከመርና ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ከላይ ኩሬ ተገድቦ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ የነበረው ጎርፍም የወንዙን ወለል እስከ ቋጥኙ ድረስ ልጦታል።

ግንድ መንዳት ከቆመ በኋላ ወንዞቹ ወደ ነበሩበት አልተመለሱም። ሃምሳ ዓመት ቢጠበቅም ድንጋይ በራሱ ተንከባሎ አይመለስም። ስለዚህ ስዊድኖችና ፊንላንዶች አሁን የተሠራውን እያፈረሱ ነው። ሰሜን ስዊድን ውስጥ ቪንደል በሚባለው ወንዝ ገባሮች ላይ ከ2010 ጀምሮ በሰፊው ተሠርቷል። ኤክስካቫተር ወንዝ ውስጥ ይገባል። የተዘጋው ቅርንጫፍ ይከፈታል። ሆን ተብሎ ዛፍ ወንዙ ላይ ይጋደማል፤ ውሃው እንዲዘገይ፣ ለዓሣ መጠለያ እንዲሆን። አያቶቻቸው በሜንጦ ሲታገሉት የኖሩትን መጋደም የልጅ ልጆቻቸው በእጃቸው እየሠሩት ነው።

ትልልቆቹ ድንጋዮች ተሰባብረው ስለነበር በምትካቸው ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ሆነ። የቀሩትን ፍለጋ ግን ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ከመቶ ዓመት በፊት ከወንዙ ያወጧቸው ሰዎች እዚያው ዳር ላይ በሥርዓት ደርድረዋቸው ነበር፤ የድንጋይ ሽበት በቅሎባቸው እስካሁን ይጠብቃሉ።